አቀንጭራ የዘንድሮውን ማሽላ በልቶ ለከርሞ ይዘራል

በመተማ ቆላ፣ በኮኪት ዙሪያ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ማሽላው ድርቅ እንደመታው ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ አፈሩ ግን ርጥብ ነው። ቆየት ብሎ ከግርጌው ሐምራዊ አበባ ብቅ ይላል። አቀንጭራ ነው። ገበሬው መልኩን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያታልለው ጉዳቱ የሚጀምርበት ወቅት ነው።

አቀንጭራ ጥገኛ አረም ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን፣ አንድ እግር አረም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይበቅልና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውኃና ምግቡን ይመጥጣል። ከመሬት በላይ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ እስከዚያ ሰብሉ ተጎድቷል።

ስለዚህ የታየውን አቀንጭራ መንቀል የዘንድሮውን ምርት እምብዛም አያድንም፤ የሚያድነው የከርሞውን ማሳ ነው። መነቀል ያለበት ማበብ ሲጀምር፣ ዘር ሳይቋጥር ነው። ያበበውን ነቅሎ እዚያው መጣል ዘሩን እንዲያበስል መፍቀድ ስለሆነ ከማሳ አውጥቶ ማቃጠል ይገባል።

የመተማ ገበሬ ደግሞ ጥሩ መድኃኒት በእጁ አለው፤ ሰሊጥ። የሰሊጥና የጥጥ ሥር የአቀንጭራን ዘር ያበቅለዋል እንጂ አይመግበውም፤ የበቀለው የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። ማሽላን በማሽላ ላይ መዝራት የዘሩን ክምችት ሲያበዛ፣ ከሰሊጥ ጋር ማፈራረቅ እያመናመነው ይሄዳል። ክምችቱ ብዙ ስለሆነ ግን የአንድ ዓመት ፈረቃ አይበቃም።

አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችም አሉ። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን በአገራችን ተለቀዋል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እንዲህ ያሉ ዝርያዎችን በማውጣታቸው በፈረንጆቹ 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አቀንጭራ የሚበረታው ለምነቱ ባለቀ መሬት ላይ በመሆኑ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ዩሪያ መጨመርም ያዳክመዋል።

ቱ ፎር ዲ የተባለውን ፀረ አረም የሚረጭ ሰው ግን ይጠንቀቅ። መድኃኒቱ የማሽላን አረም ቢያጠፋም ሰሊጥና ጥጥን ያቃጥላል፤ በነፋስ ቀን ከተረጨ የጎረቤትን ሰሊጥ ይፈጃል። ከመርጨት በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

የአቀንጭራ ዘር በጎርፍ፣ በትራክተር ጭቃ፣ ባልጠራ የማሽላ ዘርና በከብት እበት ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል። አንዱ ነቅሎ ጎረቤቱ ከተወ ልፋቱ ከንቱ ነው። ኩታ ገጠም ማሳ ያላችሁ ገበሬዎች ዘንድሮ ተነጋግራችሁ በአንድ ሳምንት ንቀሉ፤ ከርሞም አብራችሁ ሰሊጥ ዝሩበት።