የዩኒቨርሲቲ ልገሳ መሪዎች፤ ከመጠየቅ እስከ እምቢ ማለት

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በሀብቱ ከዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ግንባር ቀደም ነው። ሲጀመር ግን እጁ ባዶ ነበር። የተመሠረተው በ1636 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተጨመረበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆን ሃርቫርድ የተባለ ወጣት ሰባኪ ሲሞት የንብረቱን ግማሽና አራት መቶ ያህል መጻሕፍቱን ተናዘዘለት፤ ኮሌጁም በስሙ ተጠራ። ያም አልበቃም። በ1641 ቶማስ ዌልድ፣ ሂዩ ፒተርና ዊልያም ሂቢንስ ለሰፈራውና ለኮሌጁ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ተላኩ። በ1643 ለንደን ላይ ስለ ኮሌጁ የምታስረዳ፣ የሰጪን ልብ ለማራራት የታሰበች ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። በዚያው ዓመት አን ራድክሊፍ የተባሉ ባለጸጋ የለንደን እመቤት ለችግረኛ ተማሪ መማሪያ እንዲሆን 100 ፓውንድ ሰጡ።

በእነዚያ ሦስት መልእክተኞች የተጀመረው ሥራ ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ደንብ አለው፣ የሥነ ምግባር መመሪያ አለው፣ በየዩኒቨርሲቲው ቢሮ አለው። ከውጭ ለሚያየው ሥራው ባለጠጋን እራት ጋብዞ ቼክ ማስፈረም ይመስላል። ከውስጥ ሲያዩት አብዛኛው ድካም ያለው ከመጠየቁ በፊትና ከተሰጠ በኋላ ነው።

እነማን ናቸው?

በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ልገሳን የሚመሩት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የባለአደራዎች ቦርድ አባላት ናቸው። ደመወዝ አይከፈላቸውም። ብዙዎቹ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የሆኑ ነጋዴዎች፣ ጠበቆችና የባንክ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሌላውን ከመጠየቃቸው በፊት ራሳቸው እንዲሰጡ ይጠበቃል። ኪሱን ሳይነካ የሌላውን ኪስ የሚያይ የቦርድ አባል ተሰሚነት አይኖረውም።

ሁለተኛው ፕሬዚዳንቱ ነው። ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ለምርምሩና ለአስተዳደር ችሎታው ቢሆንም፣ ከጊዜው ትልቅ ድርሻ የሚወስድበት ከለጋሾች ጋር መገናኘት ነው። ትልቅ ስጦታ የሚሰጥ ሰው የዩኒቨርሲቲውን የነገ አቅጣጫ ከመሪው አፍ መስማት ይፈልጋል።

ሦስተኞቹ ደመወዝተኞቹ ባለሙያዎች ናቸው። በምክትል ፕሬዚዳንት ደረጃ የሚመራ ክፍል ሥር ይሠራሉ። አንዱ ለጋሽ የሚሆኑ ሰዎችን ያጠናል፤ የኩባንያ ድርሻቸውን፣ ቤትና መሬታቸውን፣ ቀደም ሲል ለማን ምን እንደሰጡ ከአደባባይ መዛግብት ይሰበስባል። ሌላው መቶ ያህል ስም ይዞ ሰዎቹን በየከተማቸው እየሄደ ይጠይቃል፣ ያደምጣል። ሌላው ውል ይጽፋል። ሌላው ደግሞ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ምን እንደተሠራበት ለሰጪው በየዓመቱ ሪፖርት ያደርጋል።

በዚህ ሙያ ውስጥ አንድ ጠንካራ ክልከላ አለ፤ ገንዘብ አሰባሳቢ ካመጣው ላይ በመቶኛ እየቆጠረ ኮሚሽን አይወስድም። የሙያው ማኅበራት ይህን በሥነ ምግባር ደንባቸው አስፍረዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው ለጋሹን ያቻኩላል፤ ተቋሙንም የማይገባ ገንዘብ እንዲቀበል ይገፋፋል።

ዘመቻው እንዴት ይሠራል?

ቀን ተቆርጦለት፣ ግብ ተቀምጦለት የሚካሄድ ዘመቻ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው ከወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው፤ እኛ ወወክማ የምንለው ማለት ነው። ቻርልስ ሰምነር ዋርድ የተባለው የማኅበሩ ሰው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አጭር ጊዜ ወስኖ፣ ሰውን በቡድን ከፋፍሎ፣ በየቀኑ የተሰበሰበውን በአደባባይ እያሳየ ገንዘብ የማሰባሰብን ዘዴ አስፋፋ። በ1914 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ዘመቻውን እንዲመራለት ጠራው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ሃርቫርድ በምሩቁና በባንክ ሰው በቶማስ ላሞንት ሰብሳቢነት ትልቅ ዘመቻ ከፈተ። ሥራውን ያቀናጀው ጆን ፕራይስ ጆንስ የቀድሞ ጋዜጠኛ ነበር፤ ኋላም በዚሁ ሙያ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ዘመቻው 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገኘ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከ2013 እስከ 2018 በይፋ የተካሄደው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ዘመቻ ግቡ 6.5 ቢሊዮን ነበር፤ የተሰበሰበው ግን ከ9.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ቁጥሩ ይግዘፍ እንጂ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። መጀመሪያ መሪዎቹ የስጦታ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ግቡ መቶ ሚሊዮን ከሆነ በአናቱ ላይ አሥር ወይም ሃያ ሚሊዮን የሚሰጥ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ከሥሩ አምስት አምስት ሚሊዮን የሚሰጡ ጥቂቶች፤ እያለ እየሰፋ እስከ ሃምሳ ዶላር ሰጪው ይወርዳል። ቀጥሎ ለሕዝብ ሳይነገር፣ አንዳንዴ ለዓመታት፣ ከላይኞቹ ለጋሾች ጋር ንግግር ይካሄዳል። ዘመቻው በይፋ ተጀመረ ተብሎ ሲለፈፍ የግቡ ግማሽ ያህል ቀድሞ ቃል ተገብቶበታል። ሰው ሊወድቅ ባለው ነገር ላይ ገንዘቡን ማፍሰስ እንደማይወድ መሪዎቹ ያውቃሉ።

የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ ወዲያው አይወጣም። ከፊሉ ኢንዶውመንት በሚባለው ቋሚ ፈንድ ይገባል። ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ ከአራት እስከ አምስት በመቶ ያህሉ ለሥራ ይውላል። አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ተማሪዎችን የሚረዳው በዓመት ከአርባ እስከ ሃምሳ ሺህ ያህሉ ነው፤ ግን ሰጪው ካለፈ በኋላም አይቋረጥም።

ለትንሽ ሰጪ እንክብካቤ የሚደረገውም ነገን በማሰብ ነው። ኋላ ባለጸጋ የሆነው ማይክል ብሉምበርግ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 ተመርቆ በዓመቱ የሰጠው አምስት ዶላር ነበር። በ2018 ለችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ እንዲሆን ለዚያው ዩኒቨርሲቲ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። የአምስት ዶላሩን ደረሰኝና ምስጋና በወቅቱ የላከ ቢሮ የሰውየውን ነገ አያውቅም፤ ሥራውን ግን ሠርቷል።

አደራና ፍርድ ቤት

ገንዘቡ ከገባ በኋላ ጥያቄው ይለወጣል፤ የሰጪው ፈቃድ ተፈጽሟል ወይ? በ1961 ቻርልስና ማሪ ሮበርትሰን ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ 35 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ዓላማው ለመንግሥት አገልግሎት፣ በተለይም ለውጭ ጉዳይ ሥራ የሚበቁ ወጣቶችን በድኅረ ምረቃ ማሠልጠን ነበር። ገንዘቡ በገበያ ላይ ውሎ በመቶ ሚሊዮኖች ሲያድግ፣ ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲው ከዓላማው ውጭ አውሎታል ብለው በ2002 ከሰሱ። ዩኒቨርሲቲው ክሱን አልተቀበለም። ስድስት ዓመት ተሟግተው በ2008 መጨረሻ ታረቁ፤ ፕሪንስተን የቤተሰቡን የጠበቃ ወጪ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመሸፈንና ቤተሰቡ ለሚያቋቁመው አዲስ ፋውንዴሽን 50 ሚሊዮን ለመስጠት ተስማማ። ዋናው ፈንድ በዩኒቨርሲቲው እጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው የስጦታ ውል ሲጻፍ አንድ አንቀጽ በጥንቃቄ ይነበባል፤ ዓላማው ጊዜ ሲያልፍበት ማን፣ እንዴት ይለውጠዋል የሚለው።

እምቢ የማለት ፈተና

የልገሳ መሪ ከባዱ ሥራ ግን የሚሰጠውን ገንዘብ አልቀበልም ማለት ነው። በ2009 የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት፣ የሊቢያው መሪ ልጅ ሰይፍ አልኢስላም ጋዳፊ የሚመራው የበጎ አድራጎት ድርጅት ቃል የገባለትን 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመቀበል ወሰነ። ሰይፍ የዶክትሬት ዲግሪውን ከዚያው ያገኘው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ከመምህራኑ አንዱ ፍሬድ ሃሊዴይ ይህ እንዳይሆን ለትምህርት ቤቱ ምክር ቤት በጽሑፍ አስጠነቀቀ። የመካከለኛው ምሥራቅ አዋቂ የነበረው ሃሊዴይ ለኛም እንግዳ አይደለም፤ ከማክሲን ሞሊኒዩ ጋር በ1981 ስለ ኢትዮጵያ አብዮት መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። ምክሩን አልሰሙትም። በ2011 ሊቢያ ውስጥ አመፅ ሲቀሰቀስና ጥይት ሲተኮስ ትምህርት ቤቱ ከገንዘቡ የተቀበለው 300 ሺህ ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ዴቪስ ግን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሃሊዴይ ይህን ሳያይ በ2010 አርፎ ነበር።

ከአትላንቲክ ማዶም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) ከባለሀብቱ ጄፍሪ ኤፕስታይን በጠቅላላው 850 ሺህ ዶላር መቀበሉን በ2020 ይፋ የሆነ ምርመራ አረጋገጠ። ከዚህ አብዛኛው የመጣው ሰውየው በ2008 በወሲብ ወንጀል ከተፈረደበት በኋላ ነው። ለተቋሙ ገንዘቡ ከባሕር የተጨለፈ ጠብታ ነበር። የተቋሙን ነውር ግን አገር አወቀው።

በሁለቱም ቦታ የጠፋው ሕግ አልነበረም። አንድ ሰው “ይህ ይቅርብን” ሲል የሚደመጥበት ወንበር ነበር የጎደለው። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አጠራጣሪ ስጦታን የሚመረምር፣ ከገንዘብ አሰባሳቢዎች ተለይቶ የሚቀመጥ ኮሚቴ አላቸው።

ለጋሽ ከሰጠ በኋላ የተቋሙን እጅ የሚጠመዝዝበትም ጊዜ አለ። በ2023 መገባደጃ በጋዛ ጦርነት ሰበብ በተነሳው ውዝግብ፣ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ትላልቅ ለጋሾች ገንዘባችንን እናቆማለን አሉ። ፕሬዚዳንቷ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ከሰጡት ምስክርነት ቀጥሎ በመጣው ግፊት እሳቸውና የባለአደራዎች ቦርዱ ሰብሳቢ በአንድ ቀን ለቀቁ። በጥቂት ለጋሾች ላይ የተንጠለጠለ ተቋም ነፃነቱም አብሮ እንደሚንጠለጠል የዚያን ጊዜ ታየ።

ድሆች ሲተባበሩ

እስካሁን ያወራነው ስለ ሀብታሞቹ ነው። የሙያው ድንቅ ፈጠራ ግን የመጣው ከድሆቹ ኮሌጆች ነው። ፍሬድሪክ ፓተርሰን የአላባማው ተስኪጊ ተቋም ፕሬዚዳንት ነበሩ። የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች በየፊናቸው በአንድ ሀብታም ደጅ እየተጋፉ ከመለመን በጋራ ቢጠይቁ እንደሚሻል በ1943 በጋዜጣ ጻፉ። በ1944 ሃያ ሰባት ኮሌጆች ተባብረው የተባበረው የኔግሮ ኮሌጅ ፈንድን አቋቋሙ። ዩ ኤን ሲ ኤፍ በሚል ምኅፃረ ቃል ዛሬም ይሠራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረታችንን ፓተርሰን ሰምተውት አያውቁ ይሆናል፤ በተግባር ግን አሳይተውታል።

ለእኛ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ራሱ በስጦታ ግቢ ውስጥ የቆመ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በስማቸው ይጠራ የነበረው ተቋም ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቢባልም፣ ስድስት ኪሎ ግቢው ዛሬም ተማሪ ያስተምራል። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይኸው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራሱን የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ የመንግሥትን በጀት ብቻ ጠብቆ አይኖርም፤ ወደ ምሩቃኑ ማየቱ አይቀርም።

ምሩቃኑም ጥቂት አይደሉም። አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ለንደንም አሉ። በእድርና በማኅበር ገንዘብ ማዋጣትን ከወላጆቻቸው ተምረዋል፤ እድር ሰብሳቢ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበትም ያውቃሉ። የሚጎድለው በየዩኒቨርሲቲው ስማቸውን መዝግቦ የሚይዝ፣ የሰጡትን በየዓመቱ ቆጥሮ የሚያሳይ፣ የማይገባ ገንዘብ ሲመጣም አይሆንም ለማለት ሥልጣን ያለው ቢሮ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ አንድ ቀን ስጦታ ቢጠይቅዎ፣ ከመስጠትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ ገንዘቡን ማን ይቆጣጠረዋል፣ ሪፖርቱስ መቼ ይደርሰኛል? ቀጥ ያለ መልስ ካገኙ አቅምዎ የፈቀደውን ይስጡ፤ አምስት ብርም ብትሆን።