ተጨማሪ መረጃ፦ የፎገራ የበጋ እንግዶች

ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወደ ወረታ ስትወርዱ የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል። ርብና ጉማራ ወንዞች በዚህ ሜዳ አልፈው ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ክረምት ሲሞሉም ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በጋ ላይ ውሃው ቀስ እያለ የሚሸሽባቸው እንደ ወላላና ሸሸር ያሉ ረግረጎች የፈላሲ ወፎች ማረፊያ ናቸው። ፈላሲ ወፍ የሚባለው ወቅት ተከትሎ ከመራቢያ ቦታው ርቆ የሚሄድና ተመልሶ የሚመጣ ወፍ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ክሬን ነው፤ ግራጫ፣ እግረ ረጅም፣ አንገተ ረጅም። የሰሜን አውሮፓን ብርድ ሸሽቶ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ ይደርሳል። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ አውሬ ቢጠጋ የውሃው ድምፅ ያነቃዋልና። ጎህ ሲቀድ ከታጨደ ማሳ የወዳደቀ እህል ለመልቀም ይነሳል። ስለዚህ ጎበዝ አስጎብኚ ጎብኚዎችን ሳይነጋ ያደርሳል፤ የተረበሸ ወፍ ለመልስ ጉዞው ያጠራቀመውን ጉልበት ስለሚያባክን ርቀት ያስጠብቃል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም ረግረጎቹ በእርሻ መስፋፋትና ለመስኖ በሚሳብ ውሃ እየጠበቡ መሄዳቸው እጅግ ያሳስባል።

ሞክሩ፦ ከመምህራችሁ ጋር ማለዳ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ውሃ ሂዱ። የሦስት ወፎችን ምንቃር ሳሉ፤ ምን እንደሚበሉም ከቅርጹ ገምቱ።