ብርዱ፣ ቁርጥማቱና የሕንዱ ቅባት

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ ይጮኻል። ውጭው ጨለማ፣ መንገዱ በረዶ ነው። ሱሪ ለመልበስ እግር ሲነሣ ጉልበት ይንቋቋል፣ ወገብ አልቃና ይላል፣ ትከሻም አልታዘዝም ይላል። ኦስሎ ውስጥ ቢሮ በማጽዳት፣ የሆቴል አልጋ በማንጠፍ፣ አረጋውያንን በማገላበጥና አውቶቡስ በመንዳት የምንተዳደር ወገኖች ይህን ጠዋት ያለ አስተርጓሚ እንረዳዋለን። «ብርድ ገባብኝ» እንላለን፤ «ንፋስ መታኝ» እንላለን። ከዚያም እጃችን ከአልጋው አጠገብ ወዳለችው ጠርሙስ ይሄዳል።

ጠርሙሷን አብዛኞቻችን እናውቃታለን። እርድና ዝንጅብል፣ ምስርና ሩዝ ልንገዛ ወደ ግሮንላንድ ስንወርድ ከሕንዶቹና ከፓኪስታኖቹ ሱቅ ኋለኛ መደርደሪያ ላይ ተደርድራ የምናገኛት የአዩርቬዳ ቅባት ናት። ስትከፈት ካምፎርና ባሕር ዛፍ ትሸታለች። ሲቀቧት ታሞቃለች። ባለሱቁ «ለጉልበት ነው፣ ለወገብም ነው» ብሎ ይሰጠናል፤ እኛም ሌላ ሳንጠይቅ ከፍለን እንወጣለን።

ለመሆኑ ይህ ቅባት ይረዳል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው? ጉዳትስ አለው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በቅባት እያባበልን የምናስተኛው ሕመም ሌላ ስም ያለው ቢሆንስ? ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት እንነጋገር።

ንፋሱ የጋራችን ነው

አዩርቬዳ ሕንዶች ከ2,000 ዓመት በላይ ሲሠሩበት የኖሩት ባህላዊ ሕክምና ነው። የቃሉ ትርጉም በሳንስክሪት «የሕይወት ዕውቀት» እንደ ማለት ነው። በእነሱ አስተሳሰብ የሰው አካል በሦስት ኃይሎች ይመራል፤ ቫታ፣ ፒታና ካፋ ይባላሉ። የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም በአብዛኛው የሚመደበው በቫታ ሥር ነው። ቫታ ማለት ደግሞ ንፋስ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ከቦታ ቦታ ይዞራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ተቃራኒው ይሆናል፤ የሞቀና ቅባት ያለው ነገር። ገላን በሞቀ ዘይት ማሸቱን አብያንጋ ይሉታል፤ ከዘይቶቹም የሚመርጡት የሰሊጥ ዘይት ነው። ሰሊጡ ላይ ዝንጅብል፣ ካምፎርና ሌላም ሥራ ሥር ይጨምሩበታል።

አሁን የእናቶቻችንን ቤት እናስታውስ። ቁርጥማት የያዘው ሰው «ንፋስ ገብቶበት ነው» ይባል አልነበረምን? ወጌሻው የተወለቀ ትከሻ ከመመለሱ በፊት ቅቤ አሙቆ ያሽ አልነበረምን? አራስ ሴት በቅቤ ትታሻለች፤ ሕፃንም በቅቤ እየታሸ ያድጋል። በወሎና በሌላውም አካባቢ ሴቶች ወገባቸውንና መገጣጠሚያቸውን ለማፍታታት የወይባ ጢስ ይሞቃሉ። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1886 አዲስ አበባ ላይ እንዲሰፈር ያስመረጣቸው የፍልውሃው ሙቀት እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል። የሰሊጡ ነገርማ ሑመራን ለሚያውቅ ሰው አይነገርም። እንግዲህ ይህን ጠርሙስ ስንገዛ የሕንዱን ጥበብ ብቻ አይደለም የምንገዛው፤ ጥለነው የመጣነውን የእናታችንን እጅም ጭምር ነው። ለዚህም ይመስለኛል ቶሎ የምናምነው።

ሙቀቱ እስከ የት ይደርሳል?

በቅባቱ ውስጥ ያሉት እንደ ካምፎር፣ ሜንቶልና በአንዳንዶቹም ካፕሳይሲን (በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር) ያሉ ቅመሞች በአብዛኛው ጉልበቱን ከውስጥ አያሞቁትም። የሚሠሩት ቆዳ ውስጥ ያሉትን ሙቀትና ቅዝቃዜ ለይተው የሚያውቁ ነርቮች በመንካት ነው። ካፕሳይሲን የሚነካውን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ፣ የመዳሰስን ስሜት ካጠናው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ነርቩ «ሞቀኝ» ብሎ ወደ አንጎል ሲልክ የሕመሙ መልእክት ይደበዝዛል።

ማሸቱ ራሱም የራሱ ሥራ አለው። እግራችን ጠረጴዛ ሲመታ ሳናስበው የምናሸው ለምንድን ነው? ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ፣ የመዳሰስ ስሜት በአከርካሪው በር ላይ ሕመሙን ቀድሞ እንደሚገባና በሩን እንደሚያጠብበት አስረዱ። በዚህም ላይ የተኮማተረ ጡንቻ ይላላል፣ ሰውነት ያርፋል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ መጥረጊያ ሲገፋ ለዋለ ትከሻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ልኩን እንወቅ። ቅባት የተበላ የጉልበት አጥንት ሽፋን አይመልስም። መገጣጠሚያን የሚያቃጥለውን የሩማቲዝም በሽታም አያስቆምም። በጥናት ይበልጥ የተመሰከረለት ቅባት ከፈለጉ አፖቴክ የሚሸጠው ዲክሎፌናክ ያለበት ጄል አለ፤ ለጉልበትና ለእጅ መገጣጠሚያ ሕመም እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ታይቷል። ለተበላው ጉልበት ደግሞ ዋናው መድኃኒት፣ ሰው መስማት ባይወድም፣ በልክ የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው።

ሁለት ክረምት በአንድ ጠርሙስ

ስለ ራሴ ልናገር። እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ጭኔንና ወገቤን በዚህ ቅባት ሳሽ ኖሬያለሁ። ማታ ስቀባው ይሻለኛል፤ ጠዋት ያው ነኝ። በሁለተኛው ክረምት ደረጃ ስወጣ እጄን ጉልበቴ ላይ መደገፍ ጀመርኩ። ወዳጆቼ «ብርዱ ነው፣ ሥራው ነው፣ ሐሳቡ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኩ፤ ስደተኛ ሐሳብ አያጣምና። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት በመጨረሻ ነው፤ ያውም ለሌላ ጉዳይ። ደሜ ታየና ቫይታሚን ዲ ከሚገባው እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጠርሙሷ አልዋሸችኝም፤ የምትችለውን አድርጋለች። ሕመሜን ደብቄ በእሷ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው።

ነገሩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ልብ ይባል። ቫይታሚን ዲን ሰውነታችን በዋናነት የሚሠራው ፀሐይ ቆዳችን ላይ ስታርፍ ነው። ኦስሎ 60ኛው ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለችው ፀሐይ ብትወጣም እጅግ ዘቅዝቃ ስለምታልፍ ቫይታሚኑን ለመሥራት አትበቃም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ያንኑ ያህል ለመሥራት ከነጩ ቆዳ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። በሌሊት ወጥቶ በማታ የሚገባ፣ ወይም ገላውን ሸፍኖ የሚሄድ ሰው ችግሩ ይብስበታል። ቫይታሚኑ በጣም ሲያንስ አጥንት ይለሰልሳል፣ የጭንና የትከሻ ጡንቻ ይዝላል፣ አጥንት ለአጥንት ይቆረጥማል። ይህን ስሜት እኛ «ብርድ» ብለን እንጠራዋለን።

ኖርዌጂያኖቹ ይህን አስቀድመው ያወቁ ናቸው፤ ትራን የሚሉትን የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ የሚጠጡት ለዚህ ነው። ምክሩ እስከ 75 ዓመት ዕድሜ በቀን 10 ማይክሮ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ወይም 5 ሚሊ ሊትር ትራን 10 ማይክሮ ግራሙን ይሰጣል። ሽታው ለማይመቸው እንክብል አለ። ጉድለቱ በደም ምርመራ ከተገኘ ግን መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ቫይታሚን ነው ብሎ ያለ ልክ መዋጥም ይጎዳል።

ጠርሙሷ የምትከፋበት ጊዜ

በአንዳንድ የሚያሞቁ ቅባቶች ውስጥ ሜቲል ሳሊሲሌት ወይም የዊንተርግሪን ዘይት የሚባል ነገር አለ። የአስፕሪን ዘመድ ነው፤ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ማሬቫን የተባለውን ደም አቅጣኝ የሚወስዱ ወገኖች ይህን ቅባት ደጋግመው ሲቀቡ ደማቸው ያለ ልክ ሊቀጥንና ሊደማ ይችላል። አስፕሪን የማይስማማቸው፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶችም ሳይጠይቁ አይጠቀሙበት።

ሕፃናት ካሉበት ቤት ጠርሙሷ ከፍ ካለ ቦታ ትቀመጥ። ካምፎር በአፍ ከተወሰደ ልጅን ያንቀጠቅጣል። ያልተበረዘ የዊንተርግሪን ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያው ከ20 አስፕሪን ክኒን ጋር የሚመሳሰል መርዝ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ቀኑንም ሌሊቱንም የሚሠራው የኖርዌይ የመርዝ መረጃ ስልክ 22 59 13 00 ነው። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም ከተንቀጠቀጠ ግን በቀጥታ 113 ይደወል።

የአዩርቬዳ ክኒንና ዱቄት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከተሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች መካከል ከአምስቱ በአንዱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ቅባቱ ተስማማኝ ብሎ ክኒኑንም መዋጥ አይገባም።

ሚጥሚጣ በዘይት አሙቀው ጉልበታቸውን የቀቡ አንድ ወንድማችን እንዳሉም ሰምተናል። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ነውና አንፈርድባቸውም፤ ግን ቆዳቸው ተልጦ ሳምንት ሙሉ ሥራ ቀርተዋል።

አቀባቡ

መጀመሪያ ከክንድ በውስጥ በኩል ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ይተዉት። ጠርሙሷን ማይክሮዌቭ ውስጥ ሳይሆን የሞቀ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ያሙቋት። በዝግታ ከእጅና ከእግር ወደ ልብ አቅጣጫ፣ መገጣጠሚያው ላይ ደግሞ በክብ፣ 10 ደቂቃ ያህል ይሹ። ቁስል፣ ያበጠ ደም ሥር፣ የቀላና የሚያተኩስ መገጣጠሚያ ላይ አይቀባም። በላዩ የሚያሞቅ ትራስ ወይም የሞቀ ውሃ ጎማ አይደረግ፤ ያቃጥላል። እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ ዐይን አይንኩ። ዘይት የነካው እግር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያንሸራትታልና ይጠንቀቁ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዘይት የጠጣ ፎጣ ታጥቦም ቢሆን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ግሎ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ፎጣውን ለቅባቱ ብቻ ለይተው፣ በሙቅ ውሃ አጥበው በገመድ ያድርቁት። የሕንፃችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል የጋራ ነው።

ቅባት የማይመለከተው ሕመም

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ትኩሳት ካለ፣ አንዱ ባት ብቻ አብጦ ካመመ፣ ወይም ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ይታይ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሌጌቫክት ስልክ 116117 ነው። ደረት ተጨንቆ ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ 113 ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶች ከአንድ ሰዓት በላይ ከደረቁና ይህም ለሳምንታት ከቀጠለ የሩማቲዝም ምርመራ ያስፈልጋል። የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን ለሐኪሙ ከየት አገር እንደመጡ ይንገሩ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ብርድ ገባብኝ» ቢሉ ጉንፋን ይመስለዋል። የት እንደሚያም፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ሰዓት እንደሚብስና ምን ማድረግ እንዳቃተዎት ይናገሩ። የሚቀቡትንም ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። ኖርዌጂኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ እንዲያዝ አስቀድመው ይጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ የመንግሥት አገልግሎት ሰጪዎች በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ለመሄድ ደግሞ ከ2018 ወዲህ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም።

«ብታመም ሥራዬን አጣለሁ» የሚለው ፍርሃት ነው ብዙዎቻችንን ከጠርሙሷ ጋር ያስቀረን። አራት ሳምንት የሠራ ሰው ሐኪም ሲክመልዲንግ ከጻፈለት የሕመም ክፍያ መብት አለው፤ እስከ 52 ሳምንትም ሊዘልቅ ይችላል። የመጥረጊያው እጀታ ካጠረ፣ ባልዲው ከከበደ፣ በሥራ ቦታው ያለውን የደኅንነት ተወካይ ማነጋገር ይቻላል። መብቱን የማያውቅ ሰው ትከሻውን ይከፍላል።

እኔ ጠርሙሷን አልጣልኳትም። አሁንም ቅዳሜ ማታ ጉልበቴን አሽበታለሁ፤ ትራኑንም ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬን ይዤ እጠጣለሁ። አንድ ነገር ግን እስካሁን አልቻልኩም፤ የገዛ ጀርባዬ ላይ እጄ አይደርስም። አገር ቤት እናት ነበረች፣ እህት ነበረች፣ ጎረቤት ነበረች። እዚህ በየክፍላችን ተዘግተን ብቻችንን የምናሽ ብዙ ነን። በመጪው ክረምት አንድ ብቻውን የሚኖር ወገን ካለዎት ደውለው «ጉልበትህ እንዴት ነው? ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ይበሉ። ምርመራ ካልሄደ አብረውት ይሂዱ።