ስለ ቀጭኑ መቁረጫ መሮ

ባለፈው ዓመት በእጅ ሥራ ክፍል የበርጩማ እግር በቶርኖ ስንሠራ እኔ አራተኛውን እግር አበላሸሁ። በርጩማው ለአያቴ የታሰበ፥ ዕንጨቱም ከራሳቸው አሮጌ አልጋ የተረፈ ዋንዛ ስለ ነበረ በቀላሉ የሚረሳ ነገር አልሆነልኝም። ያበላሸሁበትም መሣሪያ ከመሮዎች ሁሉ ቀላል መስሎ የሚታየው ቀጭኑ መቁረጫ መሮ ነው። ወደ ቶርኖ ክፍል ገና ለሚገቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ይጠቅማቸው እንደ ሆነ በማለት ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን እጽፋለሁ።

ቶርኖ ዕንጨትን በሁለት ጫፉ ይዞ የሚያሽከረክር መኪና ነው፤ ሠራተኛው መሮውን በብረት መደገፊያ ላይ አስደግፎ የሚዞረውን ዕንጨት ይቀርጸዋል። የቀጭኑ መሮ ተግባር ጠባብ ቦይ ማውጣት ነው፤ በቦዩም ውፍረት ይወሰናል፥ ያለቀው ሥራም ከተራፊው ዕንጨት ይለያል። የአፉ ስፋት ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

በዚያን ቀን መሮው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል እንደ ገባ ጢስ ጢስ ሸተተኝ። የዶለዶመ መስሎኝ አጥብቄ ገፋሁት። ወዲያው ዕንጨቱ መሮውን ነክሶ ያዘውና ከእጄ ሊነጥቀኝ ደረሰ፤ የእግሩም ጫፍ ተሰነጠቀ። መምህራችን መሮውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። ስለቱ ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ ከጎኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዐይነቱ መሮ ከአፉ በኩል ሲታይ እንደ ገብስ ፍሬ መካከሉ ወፍሮ ወደ ላይና ወደ ታች ይቀጥናል። ስለቱ በትክክል በወፍራሙ መካከል ላይ ከዋለ የሚቆርጠው ቦይ ከቀረው አካሉ ስለሚሰፋ መሮው ሳይታሽ ይገባል። እኔ ግን ስስል አንዱን ገጽ ከሌላው አብዝቼ ስለ ነበር ስለቱ ከመካከሉ ወርዶ ጠበበ፤ ወፍራሙም ጎን በጠባቡ ቦይ ውስጥ እየታሸ ዕንጨቱን አቃጠለው። እንዲህ ሲሆን መግፋት ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አይጠቅምም።

እንግዲህ ሲሳል ሁለቱ ገጾች እንደ ቤት ጣሪያ ተጋጥመው በመካከላቸው 50 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ሊኖር ይገባል። ገጾቹን በቀለም መቀባትና በሚዞረው መሳያ ድንጋይ ጥቂት ማስነካት መልካም ዘዴ ነው፤ ቀለሙ የለቀቀበት ስፍራ ድንጋዩ የት እንደ ነካ ያሳያል። ከዚያ አንዱን ወገን ጥቂት፥ ሌላውንም ያንኑ ያህል እያገላበጡ መሳል ነው። የስለቱን ቀጥተኛነት በስኳድራ ማየት ይገባል። ስለቱን ወደ ብርሃን ሲያዩት ነጭ መስመር ካብለጨለጨ ገና አልተሳለም። መሮው ከተራ የካርቦን ብረት ከተሠራ ቶሎ ቶሎ በውሃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ጠፍቷልና። ሃይ ስፒድ ስቲል የተባለው ግን ሙቀት ይችላል፤ እንዲያውም ግሎ ሳለ ውሃ ውስጥ ቢነከር ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚህ በኋላ በዘይት ድንጋይ የሚያለሰልሱ አሉ፤ በበኩሌ ለአንድ ቦይ ይህን ያህል መድከም አይታየኝም።

ሥራው ሲጀመር መደገፊያው ወደ ዕንጨቱ ይቅረብ፤ መኪናውም ሳይነሣ ዕንጨቱን በእጅ አዙሮ እንደማይነካ መመልከት ነው። እጀታውን ዝቅ አድርጎ በመጀመሪያ የመሮውን ገጽ ማስነካት፥ ቀጥሎ ስስ ፍቅፋቂ እስኪወጣ እጀታውን ቀስ እያሉ ማንሣት ይገባል። ቦዩ በጠለቀ መጠን እጀታው ከፍ፥ መሮውም ወደ ፊት ይላል። ከፍቅፋቂ ይልቅ እንደ ሰጋቱራ ያለ ዱቄት ከወጣ መሮው እየፋቀ ነው እንጂ እየቆረጠ አይደለም። ጥልቅ ቦይ ሲሆን ደግሞ መሮውን አውጥቶ ከጎኑ በግማሽ ስፋቱ ያህል ማስፋት ግድ ነው። የለመዱት ሠራተኞች በአንድ እጅ መሮውን፥ በሌላው ካሊብሮውን ይይዛሉ፤ ጀማሪ ግን መኪናውን አቁሞ ይለካ።

ዕንጨቱ በሁለት ጫፍ ተይዞ ሳለ እስከ መጨረሻው መቁረጥ አይገባም። መካከሉ ሲቀጥን ዕንጨቱ ይጎብጥና ቦዩን በመሮው ላይ ይዘጋዋል። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ፥ መኪናውን አቁሞ በመጋዝ መጨረስ ነው። የዐይን መከላከያ መነጽር አይረሳ፤ ነጠላና ሰፊ እጅጌም ከቶርኖ አጠገብ አይቅረብ።

አራተኛውን እግር ከተረፈው ዋንዛ እንደ ገና ሠራሁት። ከሦስቱ 2 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። አያቴ እስከ ዛሬ አላወቁም፤ ነገር ግን ይህን መጽሔት ታናሽ እኅቴ ታነብላቸዋለች።