ከነብሩ ቆዳ ውስጥ ያለው ሰው

የሀድያ ሆሳዕና ደጋፊ ቡድኑን «ነብሮቹ» ይለዋል፤ ብሔራዊ ቡድናችንም «ዋልያዎቹ» ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ደግሞ አንድ ተማሪ የቡድኑን እንስሳ ለብሶ ሜዳ ይገባል፤ ማስኮት ይሉታል። ስለ እሱም ስለ እኛ አስጨፋሪም ሲወራ የምሰማው ብዙው ነገር የሰዎቹን ድካም ያሳንሳል።

ተረት፦ ማስኮትነት ሥራ የፈታ ተማሪ ጨዋታ ነው።

እውነታ፦ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው፤ ወፍራሙ ጸጉራም ልብስ ግን ላቡን አፍኖ ያስቀረዋል። ለዚህም ነው በብዙ ኮሌጆች አንዱን ልብስ በርካታ ተማሪዎች የሚፈራረቁበት፤ በየመሃሉም ተመልካች ወደማያያቸው ክፍል ገብተው የእንስሳውን ጭንቅላት አውልቀው ውኃ ይጠጣሉ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ማስኮት ባኪ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር እስከዚያ የተመዘገበውን ነጥብ ያህል ፑሽ አፕ ይሠራል። ቡድኑ ሰባት ሰባት እየጨመረ 42 ቢደርስ ድምሩ 147 ፑሽ አፕ ነው። ይህን ተማሪ ሥራ ፈት ማለት ግፍ ነው።

ተረት፦ ማስኮቱ ልብሱ ውስጥ ሆኖ እንደልቡ ይጮኻል።

እውነታ፦ ቃል አይወጣውም፤ ደንቡ ነው። ደስታውንም ብስጭቱንም በእጁና በትከሻው ይናገራል። የሚያየው ብዙውን ጊዜ በእንስሳው አፍ በኩል በተተወች ጠባብ መረብ ስለሆነ ጉልበቱ ሥር የቆመ ሕፃን አይታየውም። ስለዚህ መንገድ የሚመራው ረዳት ከጎኑ አይለይም። የሚያደርገው ሁሉ በትምህርት ቤቱ ስም ይቆጠራል፦ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ዳክዬ ከሂዩስተን ማስኮት ጋር ተደባድቦ ለአንድ ጨዋታ ታግዷል።

ተረት፦ የእኛ አስጨፋሪ የሆሳዕናው አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ደርሶ፣ ጨፍሮ ቤቱ ይገባል።

እውነታ፦ ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ የሆሳዕና ደጋፊ ቡድኑን ለማየት መንገድ መውጣት ግድ ሆኖበታል። አውቶብስ መከራየት፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ ከበሮ መጫን፣ የመጣውን ሰው ሁሉ በደህና መመለስ፤ ይህ ሁሉ ፊሽካ ከመነፋቱ በፊትና በኋላ ያለ ሥራ ነው። አስጨፋሪው ዜማ አውጪ ነው፤ ተቀባዩን ለማየት ፊቱን ወደ ሕዝቡ ስለሚያዞር ጎሉ ከጀርባው ይገባል። ከሁሉ የማከብርለት ግን ስድብ ሲጀመር ቶሎ ሌላ ዜማ አንሥቶ ሕዝቡን ሲመልስ ነው። ያ ችሎታ ስንቱን ጠብ ገና ሳይነሣ እንዳስቀረ በየትኛውም የጨዋታ ሪፖርት አይጻፍም።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ወይም የዱራሜና የሺንሺቾ ቡድኖች አንድ ቀን ማስኮት ላቁም ቢሉ፣ ልብስ ሰፊ ከመፈለጋቸው በፊት ሦስት ሰው ይመድቡ፦ ሰዓት የሚይዝ፣ ውኃ የሚያቀብልና ተራው ሲደርስ ልብሱን ተቀብሎ የሚገባ።