ላይሰንስ የሰው አጥር አያስከፍትም

"የአደን ላይሰንስ አውጥቻለሁ፤ ታዲያ ለምን ከለከሉኝ?" ቴክሳስ ውስጥ የአደን ደህንነት አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ከወገኖቼ ደጋግሜ እሰማለሁ። ላይሰንሱን የሚሰጣችሁ ግዛቱ ነው፤ መሬቱ ግን የሰው ነው። በቴክሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የግል ይዞታ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ገብቶ ማደን ወንጀል ነው። አጋዘን ከተገደለማ ቅጣቱ እስከ እስር ይደርሳል።

"መግባት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ስላላያችሁ አትዘናጉ። ዛፍ ወይም የአጥር ቋሚ ላይ፣ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ጫማ ከፍ ብሎ ወደ ታች የተሰመረ ሐምራዊ ቀለም ካያችሁ ትርጉሙ ያው ነው።

ባለመሬቱን ለማስፈቀድ የአደኑ ወቅት እስኪከፈት አትጠብቁ፤ ሐምሌ ላይ ሂዱ። በቀን፣ በአዘቦት ልብስ፣ ጠመንጃ ሳትይዙ። አንኳኩታችሁ ከበሩ ሁለት እርምጃ ራቅ በሉ። ስማችሁን፣ ምን እንደምታድኑ፣ ከነማን ጋር እንደምትመጡና መኪናችሁን የት እንደምታቆሙ ንገሯቸው። ብዙ ባለመሬቶች መሬታቸውን ለአዳኝ ስለሚያከራዩ ዋጋ ቢጠሩ አይግረማችሁ። እምቢ ካሉም አመስግኑና ሂዱ።

ፈቃዱን ከነቀኑ በጽሑፍ ተቀበሉ። የከብቱን አጥር በር ክፍት ካገኛችሁት ክፍት፣ ዝግ ካገኛችሁት ዝግ አድርጋችሁ እለፉ፤ በዚህ ላይ ተማሪዎቼን አጥብቄ ነው የምይዛቸው፤ አንድ የተረሳ በር መንጋውን አስፋልት ላይ ያወጣል። የመታችሁት አጋዘን አጥር ዘሎ ጎረቤት ከገባ ደግሞ ጎረቤቱን ሳታስፈቅዱ እንዳትከተሉት።

ዘንድሮ ለማደን ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ከአሁኑ ጠይቁ።