ዳቦ ሲቀር የሚሻል ሕመም

ስንዴ ጥሩ እህል ነው። ዳቦው ያጠግባል። ቂንጬው ጉልበት ይሰጣል። ለአብዛኞቻችን እንዲህ ነው። ለአንዳንድ ሰው ግን ያው ዳቦ አንጀት ያቆስላል፤ ጉበትም ይጎዳል። ይህ እንዴት ይሆናል? እስቲ አብረን እናንብብ።

የሆላንድ ልጆች

ነገሩ የታወቀው በሆላንድ አገር ነው። ቪለም ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበረ። ሆዳቸው የተነፋ፣ ተቅማጥ የማይለቃቸው ልጆች ያክም ነበር። ልጆቹ ቢበሉም አያድጉም። ዲከ ስንዴን ጠረጠረ።

በዚህ መካከል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ሆላንድ ተራበች። ዳቦ ጠፋ። ሰው የአበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። እነዚያ ሕመምተኛ ልጆች ግን ዳቦ ባጡ ጊዜ ሆዳቸው ተሻለው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲከ በ1950 ጥናቱን ጽፎ አቀረበ። የልጆቹ ጠላት ስንዴ መሆኑ ታወቀ።

ግሉተን ምንድን ነው?

የስንዴ ሊጥ ስናሽ እንደ ጎማ ይለጠጣል። እንዲለጠጥ የሚያደርገው ነገር ግሉተን ይባላል። ግሉተን በስንዴና በገብስ አለ። ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህልም አለ። ግሉተን የማይስማማው ሰው በሽታ ሲሊያክ ይባላል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር ግን ይመጣል።

የአንጀታችን ውስጥ እንደ ፎጣ ነው። ትንንሽ ጸጉር የመሰለ ነገር አለው። ምግብን መጥጦ ወደ ደም የሚያስገባው እሱ ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ስንዴ ሲበላ ሰውነቱ ይሳሳታል። ጠላት መጣ ብሎ የገዛ አንጀቱን ይወጋል። ፎጣው ተልጦ ሜዳ ይሆናል። ከዚያ ሰውዬው ቢበላም ምግቡ አይጠቅመውም። ይከሳል፤ ይደክመዋል፤ ደሙ ያንሳል። ልጅ ከሆነ ቁመቱ ይቀራል። ተቅማጥ ጭራሽ የሌለበት ሕመምተኛም አለ።

ጉበትስ ምን አገባው?

ከአንጀት የሚወጣ ደም በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። ስለዚህ የቆሰለ አንጀት መዘዙ ለጉበት ይተርፋል። አዲስ በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች ከአራት አንዱ ያህል በደም ምርመራ ጉበቱ እንደተቆጣ ይታያል። ደስ የሚለው ግን ይህ ነው። ግሉተን ሲቀር የአብዛኞቹ ጉበት በ1 ዓመት ውስጥ ይመለሳል። መድኃኒቱ ኪኒን አይደለም፤ መርፌም አይደለም። መድኃኒቱ ምግብ ነው።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ጉበትን የሚያሳምም ብዙ ነገር አለ። ቫይረስ አለ፤ መጠጥ አለ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «ስንዴ ነው» ብሎ ቤቱ አይቀመጥ። «የወፍ በሽታ ነው» ብሎም ቅጠል አይጠጣ። ሐኪም ይየው።

ሳንመረመር ስንዴ አንተው

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጠረጠርኩ ብሎ ዳቦ ያቆማል፤ ከዚያ ለምርመራ ይሄዳል። ስንዴ ከቆመ ግን የበሽታው ምልክት ከደም ይጠፋል። ሐኪሙም «የለብህም» ሊል ይችላል። ስለዚህ እየበላን እንመርመር። መጀመሪያ ደም ይታያል። አስፈላጊ ከሆነም ከአንጀት ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ይመረመራል። ለዚህ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ሊኖር ይችላል። ጤነኛ ሰው ግን ስንዴ ቢተው ትርፍ የለውም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

በሽታው ከተረጋገጠ ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልክ ይቀራሉ። ዳቦ፣ መኮሮኒ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ብቅል ያለበት ጠላና ቢራ ይቀራሉ። አጃም ይቅር። አጃ የምንለው አንዱ የስንዴ ዘመድ ነው። ሌላው አጃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ጋር ይቀላቀላል።

ታዲያ ምን ይበላ? እኛ እድለኞች ነን። ጤፍ ግሉተን የለውም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቆጮ፣ ምስር፣ ሽንብራም የላቸውም። በውጭ አገር ያሉ ሕመምተኞች ጤፍን ፈልገው የሚገዙት ለዚህ ነው።

ግን ጤፍ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። እንጀራው ገብስ ወይም ስንዴ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ከገበያ ስንገዛ እንጠይቅ። ወፍጮ ቤትም ስንዴ ከተፈጨ በኋላ ወዲያው ጤፋችንን አናስፈጭ። ጤፍ ሲፈጭ ቆይቶ ተራ እንያዝ። እርሾ ከጎረቤት ስንበደርም የምን እርሾ እንደሆነ እንወቅ። ለሕመምተኛው የራሱ ቡሃቃና ወንፊት ይኑረው። ትንሽ ዱቄት እንኳ አንጀቱን ታቆስላለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ፊት ነው። እንግዳ ሆኖ ሄዶ ዳቦ አልበላም ማለት ይከብዳል። ስለዚህ «ትንሽ ቅመስ፣ ምንም አይልህም» አንበለው። ልጅም ከሆነ ድብቅ ብሎ እንዳይበላ ሳንቆጣ እናስረዳው። አጠገቡ የሚበላውን እናቅርብለት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። አንጀትም ጉበትም በጊዜ ከተያዙ ይድናሉ።

ጥያቄዎች

1. ግሉተን በየትኞቹ እህሎች ውስጥ ይገኛል?
2. ሳንመረመር ስንዴ መተው የሌለብን ለምንድን ነው?
3. ጤፋችንን ስናስፈጭ ምን እንጠንቀቅ?